የቢላቴው የሰማይ ድንጋይ

በዚያን ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ሬድዮ የሚጠግን ሰው ሞልቷል። ሬድዮም ጠግኖ፣ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይም ከምድሩ ድንጋይ የሚለይ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ይሄን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራትም ነው።

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ፤ አስተማሪውም ተማሪውም እኔ ስለሆንኩ አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም። ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ ገብቶ፣ አገሩ ትንሽ ተረጋግቶ በየቤቱ ቴፕና ሬድዮ መግባት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር ሥራ አልጠፋም። ሱቄ ውስጥ የተቀደደ ስፒከር እስከ ጣራ ተከምሯል። ከየስፒከሩ ጀርባ ማግኔቱን እየነቀልኩ አስቀምጥ ነበር። ለምን እንደማስቀምጠው አላውቅም ነበር፤ አዋቂ ሰው ግን ዕቃ አይጥልም።

ምክንያቱን ያገኘሁት አንድ ቀን የካቶሊክ ሚሲዮኑ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቴፕ ልጠግን ስገባ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሥዕል ያለበት ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተከፍቶ አየሁ። የእኔ እንግሊዝኛ የቴፕ እንግሊዝኛ ነው፤ “ቮልዩም”፣ “ባስ”፣ “ባላንስ” ከሚለው ብዙም አያልፍም። ግን በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ፣ ቴፑንም እንዳያልቅ ቀስ እያልኩ እየጠገንኩ፣ ምዕራፉን ጨረስኩት። ከሰማይ ድንጋይ ይወድቃል ይላል። በረሃ ላይ ሲሆን ቶሎ ይታያል። ጥቁር ነው፣ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፣ ማግኔት ይስበዋል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ሊጥ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚወጣው ዓይነት ጎድጓዳ አለው። መጨረሻው ላይ በወፍራም ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበረው፤ ካገኛችሁት አትጠቡት፣ አትፋቁት። ይቺን በደንብ ያዝኳት።

ነገሩ ግን ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፣ የሚስቴ ወንድም ባይኖር።

ሚስቴ ከምባታ ናት፣ የዳምቦያ ልጅ። እኔ ሀድያ ነኝ። እነሱ ቤት ከምባትኛ ይወራል፣ እኛ ቤት ሀድይኛ፣ ስንጣላ ግን በአማርኛ ነው፤ ለማንም እንዳያዳላ። ወንድሟ ያኔ ነርስ ሆኖ ሆሳዕና ጤና ጣቢያ የገባ ሰሞን ነበር። ከእኔ በብዙ ዓመት ያንሳል፤ የእህቱ ባል ስለሆንኩ “ጋሼ” ነው የሚለኝ። ግን አንዳንድ ሰው “ጋሼ” ሲላችሁ ከኋላው ሳቅ ይሰማችኋል አይደል? እንደዚያ ነው።

በመስቀል ሰሞን ሁላችንም ዳምቦያ፣ አማቴ ግቢ ተሰብስበን ነበር። ፀሐይ እንደገባች አንድ ብርሃን ሰማዩን ሰንጥቆ ወደ ቆላው፣ ወደ ቢላቴ ወንዝ አቅጣጫ ሄደና ጠፋ። ልጆች ጮኹ። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

“ይሄ ድንጋይ ነው” አልኩ። “ወድቋል።”

“ጋሼ፣ እሱ ተወርዋሪ ኮከብ ነው” አለ ነርሱ፣ ሥጋ መብላቱን ሳያቆም። “አየር ላይ ተቃጥሎ ያልቃል።”

“ሁሉም አያልቅም። የተረፈው መሬት ይደርሳል።”

“የት?”

“እዚያ።” በጣቴ ወደ ቢላቴ አሳየሁት።

“ታዲያ ሄደው ያነሱታላ?”

“አነሳዋለሁ።”

ግቢው ሙሉ ሰው ሳቀ። ሚስቴ ሳትቀር። እንግዲህ ሬድዮ ጠጋኝም ክብር አለው! ነርሱ ቆመና እንወራረድ አለ። አማቴ ይሄን ስትሰማ ከቤት ውስጥ ወጣች። “በእኔ ግቢ ውርርድ? ቤተ ክርስቲያን ቢሰማ ምን ይለናል? አንተስ ልጄ፣ ትልቅ ሰው አይደለህም?” እውነቷን ነው፤ የሚስቴ ቤተሰቦች ጠንካራ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፣ ውርርድ ከመጠጥ እኩል ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ እንደ ጨዋ ሰዎች አላስቀየምናትም። ከእንሰቱ ጀርባ ሄደን ተወራረድን።

“እውነተኛ የሰማይ ድንጋይ ካገኙ” አለ ነርሱ፣ “ድንጋዩን በጆንያ ተሸክሜ በገበያ ቀን ዳምቦያ ገበያ መሐል እዞራለሁ። ካላገኙ ግን ጋሼነቱ ወደ እኔ ይዞራል። የትም ቦታ ስገባ ብድግ ብለው ‘ጋሼ’ ይሉኛል። ዕድሜ ልክ።”

“ዕድሜ ልክ” አልኩና ጨበጥኩት። የሚዳኘን ሰው እንኳን አልቸገረንም። ሾኔ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ጋር የሚሠራ ጂኦሎጂስት የቴፕ ደንበኛዬ ነበር። ድንጋይ ለማየት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ከሱ ሌላ አላውቅም።

በዓሉ እንዳለፈ አይሱዙ ላይ ተጭነን ሾኔ ወረድን፣ ከዚያ አህያ ተከራይተን ወደ ቢላቴ። ነርሱም አብሮኝ መጣ፤ “ከሌላ ቦታ ድንጋይ እንዳያመጡ” ብሎ። በረሃ በረሃ እያልኩ ነው አይደል? የመጽሐፉን በረሃ እንዳታስቡ። እኛ የሆሳዕና ሰዎች ሹራብ ያስወለቀን አገር ሁሉ በረሃ ነው። ግን ሙቀቱ የምር ነበር፤ አህያዋ ራሷ ጥላ ባገኘች ቁጥር ስብሰባ ትቀመጣለች።

ችግሩ ሌላ ነው። የመጽሐፉ በረሃ ነጭ አሸዋ ስለሆነ አንድ ጥቁር ድንጋይ ከታየ አለቀ፣ ከሰማይ ነው። የእኛ ቆላ ግን ዓይን እስኪደክም ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ነጭ ነገር ካያችሁ የፍየል ጥርስ ነው።

ቢሆንም ቴክኖሎጂ ይዣለሁ። ትልቁን የስፒከር ማግኔት ዱላ ጫፍ ላይ አስሬ መሬቱን እየነካካሁ እሄዳለሁ። ማግኔቱ ያንን ጥቁር ድንጋይ ትንሽ ትንሽ ይስመዋል፤ ሁሉንም!

“ይሄ ከሰማይ ነው?” ይላል ነርሱ።

“ሊሆን ይችላል።” ጆንያ ውስጥ።

“ይሄስ?”

“ሊሆን ይችላል።” ጆንያ ውስጥ።

“ይሄኛውስ?”

“እሱም አይናቅም።”

“ጋሼ፣ ሰማይ ላይ የቀረ ድንጋይ አለ?”

እሱንም ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። ተመራማሪ በዚህ አይበሳጭም። ትንሽ እንደሄድን ፍየል የሚጠብቁ ሽማግሌ አገኘንና አዩን፣ ማግኔቱን አዩ፣ አህያዋን አዩ።

“ምን ጠፋባችሁ?” አሉ።

“ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ነው አባቴ።”

አሰቡ። “መቼ ነው የጠፋባችሁ?”

“አልጠፋብንም። ልናገኘው ነው።”

“የእናንተ ካልሆነ ምን ያስፈልጋችኋል?”

ነርሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሽማግሌውን አስረዳኋቸው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ያልተለመደ ነገር አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ይሄ ስህተት ነበር። ሌላ ዛፍ ጥላ ሥር ሳንደርስ ወሬው ቀድሞን ደረሰ። ሰው ያለውን ከባድ ነገር ሁሉ ተሸክሞ መጣ። የተሰበረ ወፍጮ መጣ፣ የቡልዶዘር ጥርስ መጣ፣ የኮሎኔል ይሁን የማን የማይታወቅ የጂፕ ቁራጭ መጣ። አንዲት ሴትዮ ባሏን በክንዱ ጎትታ አምጥታ “ይሄም ከባድ ነው፣ ከተቀመጠበት አይነሳም፤ ውሰዱልኝ” አለች። ባልየው ራሱ ሳቀ፤ ማግኔቱን ሆዱ ላይ አስጠግቼ “ይቅርታ እናቴ፣ የምድር ነው” አልኳት።

ዋናውን ድንጋይ ያገኘሁት ስንመለስ ነው። መኪኖች ወደ ሾኔ ገበያ በሚያልፉበት የአቧራ መንገድ አጠገብ፣ በደረቀ ፈፋ ውስጥ፣ ማግኔቱ ከዱላው ተነጥቆ “ጧ!” አለ። ተጣበቀ። ብጎትተው እምቢ። ነርሱ መጥቶ ከወዲያ ያዘ፣ እኔ ከወዲህ፤ ማግኔቱን ለማላቀቅ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፈፋ ውስጥ ተጓተትን። ድንጋዩን አነሳሁት። የዳቦ ቁራጭ ያህላል፣ ክብደቱ ግን የሕፃን ልጅ። ጥቁር ቡናማ፣ ቅርፊት የለበሰ፣ አፈር የተጋገረበት። በአንድ በኩል ደግሞ፣ አዎ፣ አውራ ጣት የሚገባበት ጎድጓዳ! አውራ ጣቴን ከተትኩ። ልክክ አለ።

ሳምኩት።  የነርሱን ግንባር ላብ አጠመቀው።

“ምነው?” አልኩት።

“ሙቀቱ ነው” አለ።

ዳምቦያ እንደተመለስን አማቴ ግቢ ሣሩ ላይ ድንጋዮቹን ዘርግቼ ምርመራ ጀመርኩ። ይሄን ሙያ በዚያ ዞን የጀመርኩት እኔ መሆኔን ልብ በሉልኝ። አንድ ጆሮው የተሰበረ ሲኒ ይዣለሁ፤ የሲኒ ቂጥ ቀለም ስለማይቀባ ሻካራ ነው፣ ድንጋዩን እዚያ ላይ ስታሹት ቀይ መስመር ካወጣ የምድር ብረት ነው፣ ውድቅ። ክብደት የሌለው፣ ውድቅ። ቀዳዳ የበዛበት፣ ውድቅ። ጎረቤት እየመጣ ያያል፤ እኔ በእያንዳንዱ ላይ እፈርዳለሁ። ውድቆቹን በአንድ በኩል፣ አጠራጣሪዎቹን በሌላ በኩል ደረደርኩ። ንጉሡን፣ ያንን የፈፋውን ድንጋይ፣ ለብቻው መሐል ላይ።

“እሱን ሲኒው ላይ አይፈትኑትም?” አለ ነርሱ።

“ንጉሥ አይፈተንም።”

“ቢያጥቡትስ? አፈር ነው የለበሰው።”

“አይታጠብም፣ አይፋቅም። በመጽሐፍ ተጽፏል።”

ነርሱ እንዳልቀይረው ፈርቶ ይሁን እንዲጠፋ ተመኝቶ፣ ዳኛው እስኪመጣ ድንጋዩ እኔ ዘንድ አይሁን አለ። እሱም ዘንድ አይሁን አልኩ። አማቴ ግቢ፣ ገለልተኛ ቦታ እንዲቆይ ተስማማንና ሆሳዕና ተመለስን። ለጂኦሎጂስቱ በሾፌር መልእክት ላክሁ። እሱ ግን ጉድጓዱ ላይ ሥራ በዝቶበት ሳምንታት ቆየ። እኔም ሳምንታቱን ሙሉ ሆሳዕናን በወሬ ሞላሁት። ቴፕ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ የሰማይን ነገር ሳይሰማ አልወጣም። አንዳንዱ ቴፑን ጥሎ ሄዷል።

በመጨረሻ ጂኦሎጂስቱ በፒካፕ መጣና እኔንና ነርሱን ጭኖ ዳምቦያ ወሰደን። ግቢ ስገባ ሣሩ ላይ አንድ ጠጠር የለም። 

“እማዬ፣ ድንጋዬ የታለ?”

“ሥራ ላይ ነው” አለች አማቴ።

ወደ ጓሮ ወሰደችን። ለካ እኛ ከሄድን በኋላ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው እንሰቷን ፍቀው፣ ቆጮውን ጉድጓድ ቀብረው፣ በኮባ ሸፍነው ኖሯል። ኮባው ላይ ድንጋይ ይጫናል፤ ካልተጫነ አየር ይገባና ቆጮው ይበላሻል። የአካባቢያችን ሴቶች ደግሞ ለዚህ ሥራ ከባድ ድንጋይ ሲያዩ ዓይናቸው አይመለስም። ያውም ተለቅሞ፣ ተመዝኖ፣ ተደርድሮ ደጃቸው ላይ ከተቀመጠ! ውድቆቹ ዙሪያውን፣ አጠራጣሪዎቹ ቀጥለው፣ ንጉሡ ደግሞ መሐል ላይ ጉብ ብሏል።

“ጥሩ ድንጋይ ነው” አለች። “በተለይ የመሐሉ። እግዚአብሔር ይስጥህ።”

“እማዬ፣ ሰውዬው ከሾኔ ድረስ የመጣው ለሱ ነው። እናንሳው።”

“እንኳን ደህና መጣ፣ ይግባ፣ ይብላ። ድንጋዩ ግን አይነሳም። ልጆቼ ከሰማይ አይደለም የሚበሉት፣ ከዚህ ጉድጓድ ነው።”

ጂኦሎጂስቱ ጨዋ ሰው ነው። ሱሪውን ሰብስቦ ተንበረከከና ድንጋዮቹን እዚያው እንዳሉ በአጉሊ መነጽር ማየት ጀመረ። የሚቦካ ቆጮ ከቅርብ እንዴት እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቀዋል። “ይሄ... እሳተ ገሞራ ነው” ይላል፣ ፊቱን አዙሮ አየር ይስባል። “ይሄም እሳተ ገሞራ።” አየር ይስባል። “ይሄም።” ነርሱ በእያንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ ያጨበጭባል። እኔ አልደነገጥኩም፤ እነዚህን እኔም ጥያለሁ። ንጉሡ ጋ ሲደርስ ቀረብ ብሎ አየው። ሳያነሳው ሊያገላብጠው ሞከረ፤ አልቻለም።

“ሥሩን ማየት አለብኝ” አለ።

“አይነሳም” አለች አማቴ።

እንግዲህ ሊቅ የሚታየው በችግር ሰዓት ነው። “እማዬ፣ በሱ ፋንታ ሌላ ክብደት ቢቀመጥበትስ?”

“ምን ያህል የሚከብድ?”

ነርሱን አየሁት። እሷም አየችው። ጂኦሎጂስቱም አየው።

“አልቀመጥም!” አለ። “ሸሚዜ ነጭ ነው!”

“ውርርዱ ይቅርብሃ” አልኩት በሹክሹክታ። ተቀመጠ። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ጉልበቱን ታቅፎ፣ ቆጮ ጉድጓድ ላይ። ጂኦሎጂስቱ ድንጋዩን አንስቶ ገለበጠው።

ሳምንታት ሙሉ እርጥብ ኮባ ላይ ተቀምጦ፣ የቆጮው ኮምጣጣ ውኃ ሥሩን ልሶት፣ አፈሩንና ዝገቱን ጠራርጎ አውልቆታል። እኔ በመጽሐፍ ትእዛዝ ያልነካሁትን ቅርፊት ቆጮው ፋቀው። ሥሩ አዲስ ብረት መስሎ ያበራል። ብረቱ ላይ ደግሞ ጎላ ጎላ ያለ ጽሑፍ አለ።

ነርሱ ከተቀመጠበት አንገቱን አስረዝሞ አነበበው። “አምስት... ኪሎ! አምስት ኪሎ ነው የሚለው! የሚዛን ነው!” ሳቁ ሲመጣ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

“አትንቀሳቀስ! ቆጮዬን!” ብላ ጮኸች አማቴ።

ጂኦሎጂስቱ ከንፈሩን ነክሶ፣ “ይሄ ከሰማይ ነው ካልን” አለ፣ “ሰማይ ላይ ሚዛን አለ ማለት ነው።”

“አለ እንጂ!” አልኩ። “የፍርድ ቀን በምን ሊመዝኑን ነው?”

አማቴ ብቻ “እሱስ እውነቱን ነው” አለች።

አልተረፍኩም። የአንድ ነጋዴ የሚዛን ክብደት ነው፤ ወደ ሾኔ ገበያ ከሚሄድ አይሱዙ ላይ ወድቆ ዓመታት ፈፋ ውስጥ የኖረ። ከላይ መውደቁን ግን ማንም ሊክድ አልቻለም። እሱን በኩራት ነው የምናገረው።

እንግዲህ ቃል ቃል ነው። እንደማፍር የጠበቀ ካለ እኔን አያውቀኝም። ነርሱ በደጄ ሲያልፍ ከሱቄ ወጥቼ፣ መንገድ ተሻግሬ፣ ሁለት እጄን አጣምሬ “ጋሼ! እንደምን አደሩ ጋሼ!” አልኩት። ጤና ጣቢያ ሄጄ በሽተኛ በተሰለፈበት፣ ወጣት ነርሶች በቆሙበት፣ “ጋሼ፣ ወገብዎ ተሻለዎት?” አልኩት። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱን “ለጋሼ ከፊት ቦታ ስጥልኝ፣ እግራቸው አይችልም” አልኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይለው ነበር። ቀስ በቀስ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ጀመር።

ከዚያ ለማግባት ተነሳ። ልጅቷ የአንጋጫ ናት፣ አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። አንድ የገበያ ቀን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሬድዮ ይዘው ሱቄ ገቡ። ሬድዮው ምንም አልሆነ፣ የባትሪ ድንጋዩ ተገልብጦ ነው የገባው፤ ሆን ብለው። የልጅቷ አባትና አጎት ነበሩ። የሚስቴ ወንድም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሊጠይቁኝ ነው። ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው፣ አልኳቸው፤ እውነት ስለሆነ። ልክ በዚህ መሐል እሱ ራሱ ባትሪ ሊገዛ ብሎ ዘው አለ።

ብድግ አልኩ። ወንበሩን በእጅጌዬ ጠረግሁ። “ጋሼ! ይግቡ ጋሼ! እዚህ ይቀመጡ፣ ነፋሱ እንዳይመታዎት!”

ሁለቱ ሰዎች ፀጉሬን አዩ፤ ያኔ ሽበት ጀምሮኝ ነበር። እሱን አዩ። እንደገና ፀጉሬን አዩ።

“ለመሆኑ እርስዎ ዕድሜዎ ስንት ነው?” አሉኝ አባትየው። ነገርኳቸው።

“ታዲያ የርስዎ ጋሼ ስንት ሊሆናቸው ነው?”

“ኧረ ገና ሠላሳ አልሞላኝም!” አለ ነርሱ።

አጎትየው ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ “ስንት ልጆች አሏቸው?” አሉ።

 ነርሱ ምን ይበል? ውርርድ ነው ቢል፣ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ፊት፣ ልጅቷን እዚያው ተሰናበታት። አየኝ። እኔ ጋሼ ሳይቀመጥ አልቀመጥም ብዬ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ክንዴን ይዞ ወደ ውጪ ጎተተኝ።

“በእግዚአብሔር ስም፣ ተወኝ። ይቅር ብዬሃለሁ።”

“ይቅርታ ምን ያደርጋል ጋሼ፣ ዕድሜ ልክ ነው የተባለው። የሚሻረው አሸናፊው አላሸነፍኩም ካለ ብቻ ነው።”

ጥርሱን ነከሰ። “እሺ። ከሰማይ ነው።”

“ምኑ?”

“ድንጋዩ!”

“አምስት ኪሎ የሚለውስ?”

“እዚያም... ይመዝናሉ።”

“ግባና ንገራቸው።”

ገባ። ትከሻዬን ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ፣ እሱ ቆመ። “አባቴ፣ ጋሼ እሳቸው ናቸው፤ የእህቴ ባል። እኔን ‘ጋሼ’ የሚሉኝ ከትሕትናቸው ብዛት ነው” አለ፣ ትሕትና የሚለውን ቃል እያኘከ። “ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ቢላቴ ድረስ ወርደው ያገኙ ሰው ናቸው።”

አባትየው ሬድዮውን አስቀመጡ። “ከሰማይ? በእውነት?”

ነርሱ ጣራውን እያየ፣ “ከላይ ነው የወደቀው፣ ጋሼ ያስረዱዎታል” አለና ባትሪውን ሳይገዛ ወጣ።

አስረዳኋቸው። ከመጽሐፉ ጀምሬ፣ ፍየል ጠባቂውን ሽማግሌ ጨምሬ፣ አህያዋን ሳልረሳ፤ ቆጮው ጋ ስደርስ ግን መንገድ ስላለባቸው አሳጠርኩት። ልጃቸውን ሰጡት። ሰርጉ ላይ ሙሽራው እኔን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ “ጋሼ” አለኝ። ከኋላው ሳቅ አልነበረም።